በኪሴ ውስጥ ያለው እፉኝት

ሃሪየት ፍላት፣ ቪክቶሪያ
አርብ፣ ሜይ 16

ለቴጋን፣ ትናንት ሎሚ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ «አያቴ አውርደኝ!» ትል ለነበረችው፣ ዛሬ ግን ሰው ብድግ ብሎ «መምህርት» ለሚላት የልጅ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ፖስተኛው ቴምብሩን አገላብጦ አየና «ከቬትናም ነው፤ ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ። «ለዘመቻ እየጠሩኝ ነው፤ ትንሽ ዘግይተዋል» አልኩት። ልጁ ቀልዱ አልገባውም። ከእኛ አገር ለቬትናም ጦርነት ሲዘመት እናቱም አልተወለደችም።

እኔ አለሁ። ጉልበቴ ብርድ ሊገባ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ጣሪያው ያፈሳል፤ የሚያፈሰው ግን ከአልጋዬ ራቅ ብሎ ስለሆነ ተስማምተን እንኖራለን። የአያትሽ የቤሪል ሎሚ ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፍርቷል። ጣሪያው ሥር የምትኖረው ፖሰም፣ ያቺ ድመት የምታክል የሌሊት አውሬ፣ ግን ሰው ሲተኛ እየወረደች ልጣጩን ብቻ ግጣ ሎሚውን ራቁቱን ዛፉ ላይ ትታው ትሄዳለች። ጠዋት በመስኮት ሳያቸው ልብሳቸውን ሌባ ወስዶባቸው ወንዝ ዳር የቀሩ ዋናተኞች ይመስሉኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ተማሪዎቼ፣ የእናንተ አገር ሰው መጠጥ ሲጋብዝ ለምንድን ነው ‹ጩኸቱ የኔ ነው› የሚለው ብለው አፋጠጡኝ፤ መልስ አጣሁ» ብለሽ ጽፈሻል። እሰይ! እናትና አባትሽ ያን ሁሉ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ፣ መጨረሻ ላይ የበግ ፀጉር ሸላች እንድትጠይቂ ነው? ለማንኛውም ጠይቀሻልና ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ማስቲካሽንም ትፊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት አራት ሆነን መጠጥ ቤት ስንገባ ማንም ለራሱ ብቻ አይገዛም። አንዱ «ጩኸቱ የኔ ነው» ይልና ባንኮኒው ጋ ሄዶ ለሁሉም ይዞ ይመጣል። ያ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል፤ ከዚያ ሌላው፤ እንዲህ እያለ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ማን ስንት አወጣ ብሎ የሚያሰላ ሰው ቢገኝ በማግስቱ ብቻውን ነው የሚጠጣው። ሕጉ የትም አልተጻፈም፤ ሁላችንም ግን አባቶቻችን አጠገብ ቆመን ሎሚናት እየጠጣን ተምረነዋል። ተራህ ሳይደርስ ኮትህን አንስተህ አትወጣም። በራስህ ተራ ድራፍት ስትጠጣ ቆይተህ በሰው ተራ ውስኪ አታዝም። «በቃኝ» ማለት ይቻላል፤ ግን ያንተን ተራ ከተወጣህ በኋላ ነው።

ተራው ደርሶ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ሰው ካለ «ኪሱ ውስጥ እፉኝት አለ» እንለዋለን። እጁን ወደ ኪሱ የማይሰደው እንዳይነደፍ ፈርቶ ነው ማለታችን ነው። ይህንን ለልጆቹ አስተምሪያቸው፤ ከሰዋስው የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ስታቭሮን ጠይቂው። የዓሣ ጥብስ ቤቱ ስታቭሮ ነው እንግዲህ፤ ሱቁን ለልጁ ካስረከበ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እየሄደ «ድንቹን ወፍራም ቆረጥከው» እያለ ልጁን ያሰቃየዋል። ከግሪክ መጥቶ ሱቁን እንደ ከፈተ ሰሞን መጠጥ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ይጋብዘዋል። እሱ ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ጠጥቶ ቤቱ ይገባል። ለእናቱ «ይህ አገር ገነት ነው፣ ቢራ በነፃ ነው» ብሎ ጻፈላት። ወሩን ሙሉ እንዲህ ሲጠጣ ቆይቶ አንድ ቀን ዴስ፣ ያ ባለ ልኳንዳው ዴስ ኦኪፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው እፉኝት መቼ ነው የሚሞተው?» አለው። ስታቭሮ የሰደበው መስሎት ሊማታ ተነሳ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ቀላ። በማግስቱ ሱቁን ዘጋና መጠጥ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ገዛ፤ የጠበሰውንም ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለእያንዳንዱ ሰው አደለ። ዛሬም ሲያወራው «ዜግነት ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ ወረቀቱ ኋላ ነው የመጣው» ይላል። «ዴስ ባይሰድበኝ ኖሮ እስካሁን እንግዳ ነበርኩ።»

ይህችን ነገር ያዢልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ከየት መጣ ላልሽው ደግሞ፣ ትናንት ሐሙስ አልነበር? ደብዳቤሽን ይዤ እንደ ወትሮው ሎሬይን ቤት ሄድኩ፤ መጠጥ ቤቱ ዛሬም የእሷ ነው። ለዴስና ለስታቭሮ ጥያቄሽን አነበብኩላቸው። ዴስ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። «አያት ቅድመ አያቶቻችን እዚህ ወርቅ ሲቆፍሩ፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወርቅ ሲያገኝ ይጮሃል። የሰማ ሁሉ አካፋውን ጥሎ ይመጣል። የጮኸው ሰው ለመጣው ሁሉ ይጋብዛል። አለቀ።»

«ወርቅ አግኝቶ የሚጮህ ሰው የት አይተሃል?» አለ ስታቭሮ። «ወርቅ ያገኘ አፉን ዘግቶ ጉድጓዱ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ዓሣ የማጠምድበትን ቦታ እንኳ ለገዛ ወንድሜ አልነግርም።»

«አንተማ ግሪክ ነህ።»

«አንተ ልኳንዳ ሳትከፍት እኔ ለዚህ አገር ግብር ስከፍል ነበር፣ እሺ?»

«ሁለታችሁም አታውቁም» አልኩ እኔ። «ያኔ መጠጥ ቤት ማለት ድንኳን ነው። ድንኳኑ ሙሉ ቆፋሪ ባንድ አፍ ያወራል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይደባደባል። አሳላፊው እንዲሰማህ ካልጮህክ ውኃ ጥም ይገድልሃል። የጮኸ አዘዘ፤ ያዘዘ ከፈለ። ጩኸቱ የማን ነው ማለት ከፋዩ ማነው ማለት ሆነ።»

«ስለዚህ ጉሮሮውን ያመመው ሰው ዕድሜ ልኩን በነፃ ጠጣ ማለት ነዋ» አለ ዴስ።

ሎሬይን ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ስትሰማን ቆይታ «እውነቱን ልንገራችሁ?» አለች። «ወንዶች ዝም ብላችሁ መክፈል አትችሉም። አገር ካልሰማ ገንዘቡ የወጣ አይመስላችሁም፤ በቃ ይኸው ነው።» አያትሽም ብትኖር ከዚህ አትወጣም ነበር።

እንግዲህ ለተማሪዎችሽ እንዲህ በያቸው። በወርቁ ዘመን፣ በእኛ አካባቢ ቆፋሪዎች መካከል እንደ ተለመደ አብዛኛው ሰው ይስማማል። በምን ምክንያት ይህን ቃል እንደ መረጡ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። «እኔ አውቃለሁ» የሚል ሽማግሌ ካጋጠማቸው፣ እንዲጋብዙት እየጠበቀ ነው።

ትምህርቱ እዚህ ላይ አበቃ። ልጆቹን አሰናብቺና በሩን ዝጊ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ላንቺ ብቻ ነው።

እናትሽ ደውላ ስለ እኔ የነገረችሽን አውቃለሁ። ኮንትራትሽን አቋርጠሽ እኔን ልትጠብቂ ለመምጣት እንዳሰብሽም ከደብዳቤሽ ግርጌ በደቃቃ ፊደል ጽፈሻል፤ ደቃቃ ፊደል የማላይ መስሎሽ። መነጽሬን አገኘሁት እኮ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር።

በጋውን በሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጨበጥኩትም። ሐሙስ ሐሙስ እንደ ወትሮው እንገናኛለን። እኔ ልነሳ ስል ዴስ «ተቀመጥ፣ የኔ ነው» ይላል። ቀጥሎ ልነሳ ስል ስታቭሮ «ተቀመጥ ኔቭ፣ ጉልበትህን አሳርፍ» ይላል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጓደኞቼ በስተርጅና ቸር ሆኑልኝ አልኩ። ዴስ ቸር ሲሆን እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ለገዛ እናቱ አጥንቱን ከሥጋው ጋር የመዘነ ሰው!

በፋሲካ ሰሞን አንድ ሐሙስ ከሽንት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ጋ ቆምኩና ሎሬይንን «እስቲ ሦስት ቅጂልን፤ ጩኸቱ የኔ ነው» አልኳት።

«ተከፍሏል የኔ ጌታ» አለችኝ።

«ማን ከፈለ?»

«ዴስ።»

«ከዚያ በፊት የነበረውንስ?»

ብርጭቆ መወልወሏን ቀጠለች። ብርጭቆው ከደረቀ ቆይቷል።

«ሎሬይን፣ እኔ መጨረሻ የከፈልኩት መቼ ነው?»

በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «እንጃ ኔቭዬ... ከገና በፊት ሳይሆን ይቀራል?»

አስጨንቄ ጠየቅኳትና የሆነውን ነገረችኝ። በገና ሰሞን ተራዬ ደርሶ፣ ሦስቱም ብርጭቆ ባዶውን ተቀምጦ፣ እኔ ድሮ ስለነበረኝ ዓይነ ስውር ፈረስ አወራ ነበር አሉ። ወሬውን ጨረስኩ፤ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ ያንኑ ወሬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ብርጭቆዎቹ እንደ ባዶነታቸው። ዴስ ቃል ሳይተነፍስ ተነስቶ ሄደና ለሁላችንም ይዞ መጣ።

ገባሽ? የከበደኝ ተራዬን መርሳቴ አይደለም። ሰው ይረሳል። የከበደኝ ዴስ ዝም ማለቱ ነው። ይህ ሰው በሠርጌ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ለቄሱ የምሰጠውን ከኪሴ ለማውጣት ስዳብስ «እፉኝቱ ነቃ እንዴ?» ብሎ የጮኸ ነው። በቤሪል ቀብር እንኳ ክራባቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይህንን አድርገህ እንደምትመጣ አውቃ ነው ቀድማህ የሄደችው» ያለኝ ነው። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እኔ ላይ ማሾፍ ተወ። ሐኪሙ ገና ምንም ሳይለኝ እኔ ከዴስ ዝምታ በሽታዬን አወቅኩት።

ማንም ሳይነግረኝ ከተራ ወጥቼ ነበር። ከተራ የሚወጣው ማነው? ሕፃን ነው፣ ቄስ ነው፣ መንገደኛ ነው። እኔ ሦስቱንም አይደለሁም። ስታቭሮ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ በገባበት በር፣ እኔ ሳላውቀው ስወጣ ከርሜያለሁ።

ተናደድኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ቀረሁ። በሚቀጥለውም። እቤቴ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ፤ ሻይ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ብቻዬን ስጠጣው የሆስፒታል ጣዕም አለው።

ቅዳሜ ዴስ ዱባ ይዞ መጣ። በዚህ ወራት እኛ ሠፈር የሚናገረው የጠፋበት ሰው ዱባ ይዞ ይመጣል። ደረጃው ላይ አስቀመጠውና ቆመ።

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ሐሙስ ቀረህ።»

«መጥቼ ምን ልሠራ? በነፃ ልጠጣ? ቄስ ነኝ?»

ባርኔጣውን አውልቆ መልሱ የተጻፈበት ይመስል ውስጡን ተመለከተ።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ጨዋ የሆንከው?» አልኩት። «በል ስደበኝ! አፍህን ምን ያዘው?»

«ኔቭ፣ ፓትን ታስታውሰዋለህ?»

ፓት ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ አንቺ አልደረስሽበትም። የመርሳት በሽታ ይዞት ነው የሞተው።

«መጀመሪያ ሰሞን እንደ ድሮው ስቀልድበት ነበር» አለ ዴስ። «አንድ ቀን ልኳንዳው ፊት ለፊት፣ ሰው ተሰልፎ እያየ፣ ‹ፓት፣ እፉኝቱ ነቃ እንዴ?› አልኩት። ኪሱን ገልብጦ መፈለግ ጀመረ። እውነት እፉኝት የገባበት መስሎት።» ባርኔጣውን እንደ ዶሮ አንገት ጠመዘዘው። «ያን ቀን ማልኩ። ለማንም ደግሜ አልላትም ብዬ።»

ዱባው ላይ ዝንብ ስትሄድ አየሁ። በኋላ እንዲህ አልኩት፦

«ዴስ፣ ኪሴን ገልብጬ እፉኝት የፈለግኩ ቀን ተው። ያን ቀን ክንዴን ይዘህ ቤቴ አግባኝ። እስከዚያ ግን ቀልዴን አትቀማኝ።»

«‹እስከዚያ› መድረሱን በምን አውቃለሁ?»

«ከሳቅኩ አልደረሰም።»

«አንተ በኔ ቀልድ ድሮስ መቼ ስቀህ ታውቃለህ?»

ዱባውን አብረን ወጥ ቤት አስገባነው። ከባድ ዱባ ነው። ለሁለት ተሸክመነው ሁለታችንም አቃሰትን፤ ምሳም በልቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስገባ ስታቭሮ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያቺን የአባቱን ቢጫ መቁጠሪያ፣ ቀኑን ሙሉ ጣቱ ላይ የሚያንቀጫቅጫትን፣ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጣት።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ይቺ ፊቱ ያለችበት ሰው ተራው የእሱ ነው። ገዝቶ ሲመጣ ወደሚቀጥለው ይገፋታል።»

«ይሄ ለማን ተብሎ ነው?» አልኩ፤ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

«ለኔ ነዋ! እኔም እረሳለሁ እኮ። አንተ ዝም ብለህ ትረሳለህ፤ እኔ እየጮህኩ ስለምረሳ ነው ያላስተዋላችሁት።»

ውሸቱን ነው። ስታቭሮ የጠበሰውን ዓሣ ሁሉ በመልኩ የሚያስታውስ ሰው ነው። ግን ወንበር እንደ ለቀቁለት ሽማግሌ ውሸቱን ተቀብዬ ተቀመጥኩበት። መቁጠሪያዋ መጀመሪያ የዞረችው ወደ እኔ ነበር።

አሁን ወደ ትናንቱ ልመልስሽ። ያንቺን ጥያቄ ይዘን ስንከራከር፣ እኔ ያን ድንኳን ሳቆም፣ ቆፋሪዎቹን ሳስጮህ፣ እጄን ሳወናጭፍ፣ ለካ ብርጭቆዎቹ ሁሉ ባዶ ሆነዋል። መቁጠሪያዋ ፊቴ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዓይኔ እያያት እኔ አላየኋትም። ስታቭሮ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሎሬይን እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ መወልወል አቆመች። ዴስ ወደ እኔ ዘንበል አለ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣለትም። ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ሞከረ፤ በሁለተኛው የቤቱ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ወጣለት፦

«ኔቪል! እፉኝቱ ከኪስህ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶልሃል! አሁንስ ምን ታመካኛለህ?»

መቁጠሪያዋን አየኋት። ወይ ጉድ! እውነትም ተጠምጥማ፣ ጭራዋን ወደ ብርጭቆዬ ዘርግታ፣ እፉኝት ነው የምትመስለው። ሳቁ ከሆዴ መጣ። እስኪያስለኝ፣ ጠረጴዛውን በመዳፌ እስክደበድብ ሳቅኩ። ዴስ ግን አልሳቀም፤ ዓይኔን ዓይኔን እያየ ይጠብቃል። መሳቄን ካረጋገጠ በኋላ ነው የሳቀው። ከዚያ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠራረገና «ይሄ ብርድ ዓይን ያስለቅሳል» አለ። ሎሬይን ምድጃውን አንድዳ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል።

ብድግ አልኩ። «ጩኸቱ የኔ ነው» አልኩ። ማንም «ተቀመጥ» አላለኝም። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ አልተነደፍኩም። ሦስቱን ብርጭቆ ራሴ ተሸክሜ፣ ሲሶውን እጅጌዬ ላይ እየደፋሁ ስመጣ ዴስ «የኔን ከእጅጌህ ላይ ነው የምጨምቀው?» አለኝ።

የኔ ልጅ፣ በዚህ ዓለም ብዙ ነገር ተሰጥቶኛል። አያትሽ ተሰጥታኛለች፤ እናትሽ፤ አንቺ። ከእናንተ ቀጥሎ እንደ ትናንቱ ስድብ የጣፈጠኝ ስጦታ አላስታውስም። የኔ አለማስታወስ ብዙ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ተቀበዪኝ። ሌላው ሰው ሲያረጅ አበባ ያመጡለታል፤ እኔን ጓደኞቼ ተራዬን መለሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ገና ካልጋዬ ሳልወርድ እግዜርን አመሰገንኩ፤ ዴስ ኦኪፍን በጸሎት ሳነሳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግዜርም እዚያ ላይ ሳይደነግጥ አይቀርም።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኛል። ረጅም ስም ነው፤ እሱ ያስታውስልኝ ብዬ እዚያው ትቼው መጣሁ። መድኃኒቱን እውጣለሁ። መኪናዬን ለስታቭሮ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ዓሣ ዓሣ መሽተት ጀምራለች። ሎሬይን በየጠዋቱ ትደውላለች፤ እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ማቀዝቀዣዬን ትፈትሻለች። ስለዚህ አትሩጪ። ልጆቹን ጨርሰሽ አስተምሪያቸው። ለገና ነይ፤ ጠረጴዛችን ላይ አራተኛ ወንበር አለ። ግን እኔን ልታስቀምጪ እንዳትመጪ። መቁጠሪያዋ አንቺም ፊት ትደርሳለች፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳስተማረሽ እናያለን።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ባለፈው ስንደዋወል «ቤሪል» ብዬ ጠራሁሽ። አዎ፣ አውቄዋለሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ገባኝ። አንቺ ዝም አልሽ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «አቤት» አልሽኝ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ዴስ በጋውን ሙሉ ሲቀዳልኝ የከረመው ነው። ከፍቅር እንደመጣም አውቃለሁ፤ ስለ ፍቅሩ ተባረኪ። ሌላ ጊዜ ግን «አያቴ፣ እፉኝቱ ነቃ!» በይኝ። ስስቅ ትሰሚያለሽ።

የማልስቅበት ቀን ሲመጣ፣ ያን ቀን ቤሪል ሁኚልኝ። አልቀየምሽም፤ ጥሩ ሴት ነበረች።

ሳልነግርሽ እንዳልቀር፦ የአያትሽ ሎሚ ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፍርቷል። ምን ዋጋ አለው፣ ያቺ ፖሰም ሰው ሲተኛ እየወረደች ልጣጩን ብቻ ግጣ ሎሚውን ራቁቱን ትታው ትሄዳለች። ብታዪያቸው ልብሳቸውን የተሰረቁ ዋናተኞች ነው የሚመስሉት።

በይ እንግዲህ። መንገድ ስትሻገሪ እነዚያ ሞተር ሳይክሎች ይራሩልሽ። ተማሪዎችሽ ይውደዱሽ፤ ትንሽም ይፍሩሽ። የትም አገር ብትሄጂ ተራሽን የሚያስታውስሽና ስትዘገዪ የሚሰድብሽ ጓደኛ አይንሳሽ።

አያትሽ
ኔቪል ፔንሃሎ
የቀድሞ በግ ሸላች፣ ከተራ ያልወጣ

ይህችን ደግሞ ልጨምር። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው ሎሚውን ሁለት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ልሰርዘው ብዕሩን አነሳሁና ተውኩት። ተራው ያንቺ ነው።